የባልና የሚስት አንድ አካውንትና የሌላው ሰው አደራ

በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ ማስተማር ዘዴ ወይም ስለ ፈተና አወጣጥ የምናገር መስሏችሁ እንደ ነበር እገምታለሁ። እኔ ግን የመረጥሁት ነገር ከጓዳ የወጣ ነው። ይኸውም ባልና ሚስት በሁለት የእጅ ስልክ ላይ አንድ አካውንት ብቻ አስገብተው ሲኖሩ ስለሚደርስባቸው ችግር ነው። ርእሱን የሰማ ሰው «ይህ የባልና የሚስት ጉዳይ እንጂ የመምህራን ጉባኤ ጉዳይ አይደለም» ሊል ይችላል። እኔም ቀድሞ እንዲሁ አስብ ነበር። ዳሩ ግን በገዛ ቤቴ የደረሰው ነገር ከቤቴ አልፎ አንዲት ተማሪዬን እስኪጎዳ ድረስ ስለ ተዛመተ፣ ጉዳዩ የሙያችንም ጉዳይ መሆኑን ተረዳሁ። ዕድሜዬ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነውና፣ በዕድሜም በትዳርም በምትበልጡኝ አባቶችና እናቶች ፊት ስለ ትዳር ላስተምር አልነሣም፤ ያጠፋሁትን ለመናገርና ከጥፋቴ የተማርሁትን ለማካፈል ግን ትፈቅዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ባለቤቴም እንደ እኔ መምህርት ናት፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመን ለሁለታችንም አዳዲስ ስልክ ገዛን። ስልክ ሻጩ እጁ ፈጣን፣ ንግግሩ ጣፋጭ የሆነ ወጣት ነበር። ስልኮቹን ከካርቶናቸው አውጥቶ እያበራ «አካውንት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እኔ አንድ የቆየ አካውንት እንዳለኝ ነገርሁት። «እንግዲያማ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ባልና ሚስት አይደላችሁም እንዴ!» አለና በሁለቱም ስልክ ላይ የእኔኑ አካውንት አስገባ። ቃሉ እንደ ምርቃት ሆኖ ተሰማን። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለም? ተሳስቀን፣ ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን።

ወደ ታሪኩ ከመቀጠሌ በፊት አካውንት የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ በቀላል ቃል ልግለጥ። ብዙ ሰው ስልኩን እንደ ሣጥን ይቆጥረዋል። ፎቶግራፉ፣ የወዳጅ ዘመድ ቁጥር፣ ደብዳቤው ሁሉ በዚያ ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ያለ ይመስለዋል። እውነቱን ስንመለከት ግን ስልኩ መስኮት ነው፤ ጎተራው ሌላ ቦታ ነው። ያ ጎተራ «ክላውድ» ማለት ደመና ይባላል እንጂ በሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ በታላላቅ ሕንፃዎች ውስጥ የተደረደሩ፣ ሌሊትና ቀን የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ጉግል ወይም አፕል አካውንት ሲሰጠን ከዚያ ጎተራ አንድ ክፍል ከነቁልፉ ሰጠን ማለት ነው። በሁለት ስልክ ላይ አንድ አካውንት አስገብቶ ማመሳሰልም ለአንዱ ክፍል ሁለት መስኮት እንደ መክፈት ይቆጠራል። በአንዱ መስኮት የገባው በሁለተኛው ይታያል፤ በአንዱ የወጣውም ከሁለተኛው ይታጣል። ክፍሉ ግን ከመጀመሪያው የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች እንደሚኖሩበት አያውቅም፤ ስለዚህም የባልን ከሚስት ለይቶ ሊያስቀምጥ አይችልም።

መጀመሪያ የመጣው ችግር የሚያስቅ ነበር። በእኔ ስልክ የእናቴ ቁጥር «እማዬ» ተብሎ ተጽፏል፤ በባለቤቴም ስልክ የእናትዋ ቁጥር እንዲሁ «እማዬ» ተብሏል። ሁለቱ የስም ዝርዝሮች ተቀላቅለው በሁለታችንም ስልክ ላይ ሁለት «እማዬ» ተገኙ። እኔም ለእናቴ የደወልሁ መስሎኝ፣ ድምፁንም በደንብ ሳልሰማ «እማዬ፣ ቅቤው መቼ ይላካል?» ብዬ አማቴን ጠየቅሁ። እርሳቸው ደግ ሰው ነበሩና ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ ይደርስልሃል» አሉኝ። እውነትም ቅዳሜ ቅቤ ላኩልን። ይህን ታሪክ በቤተ ዘመድ መካከል ለብዙ ጊዜ ስንስቅበት ኖረናል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም። ዕጩ መምህራኖቼ የማስተማር ልምምድ ሲያደርጉ ለመጎብኘት ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ሄጄ ሳለሁ የባለቤቴ ስልክ ተበላሽቶ እንደ አዲስ መከፈት ነበረበት። ስልኩም «ማረጋገጫ ቁጥር በተመዘገበው ስልክ ተልኳል» አላት። የተመዘገበው ስልክ የእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ኔትወርክ በማይደርስበት ተራራ ሥር ነበርሁ። እስክመለስ ድረስ አራት ቀን ሙሉ የክፍልዋን ተማሪዎች ወላጆች ቁጥር ሁሉ አጥታ ሰነበተች። በዚያ ሳምንት አንድ ልጅ በክፍል ውስጥ ታሞ እናቱን ለመጥራት ጎረቤቱን በእግር መላክ ግድ ሆነባት። የራስዋ ስልክ በእጅዋ እያለ ቁልፉ ግን በእኔ ኪስ ውስጥ መሆኑን ያን ጊዜ አየች። ነገረችኝ፤ እኔ ግን «የአጋጣሚ ነገር ነው» ብዬ አለፍሁት።

በሦስተኛው ዓመት አማቴ ዐረፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኬ «ማከማቻው ሞልቷል» እያለ ይጨቀጭቀኝ ጀመር። የዕጩ መምህራኖቼን የልምምድ ትምህርት በቪዲዮ እየቀረጽሁ አስቀምጥ ስለ ነበር መሙላቱ የሚያስገርም አልነበረም። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ የቆዩ ፎቶግራፎችን አንድ በአንድ ሳላይ በወርና በዓመት እየመረጥሁ በጅምላ ሰረዝሁ፤ የተሰረዘው የሚቆይበትንም ቅርጫት ባዶ አደረግሁት። ከሰረዝኋቸው መካከል ባለቤቴ እናትዋን በአገር ቤት ደጃፍ ላይ፣ ቡና ሲያፈሉ፣ ኋላም በታመሙ ጊዜ ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች ነበሩ። እርስዋ ቀደም ብላ ስልክዋ እንዲቀልላት ቦታ የሚያስለቅቀውን ትእዛዝ ተጭና ስለ ነበር፣ ፎቶግራፎቹ በስልክዋ ላይ ይታዩ ነበር እንጂ በስልክዋ ውስጥ አልነበሩም፤ የነበሩት በጎተራው ውስጥ ብቻ ነው። የሙት ዓመቱ ሲደርስ አንዱን አሳጥባ በግድግዳ ላይ ለመስቀል ፈለገች፤ አላገኘችም።

«ሰረዝኻቸው?» አለችኝ።

«የእኔ መስለውኝ» አልሁ።

«የእኔ ነበሩ» አለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አልተናገረችም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ፤ ይልቁንም የጣልሁት የራሴን ሳይሆን የሌላ ሰው ነበር። በውጭ አገር ለምትኖር እኅትዋ ሦስቱ በቴሌግራም ተልከውላት ኖሮ መልሳ ላከችልን። የቀረው ቀረ።

ሆኖም ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ሦስተኛው ነገር ነው። አንዲት ዕጩ መምህርት ለሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት ቀርታ ነበር። ስም ጠሪ መምህርዋ እኔ ስለ ነበርሁ፣ የቀረችበትን ምክንያት የሚያስረዳ የሐኪም ወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ። ሕመምዋ በወረቀቱ ላይ በግልጥ ተጽፏል። እኔም ለመዝገብ እንዲሆነኝ በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁና ዋናውን መለስሁላት። ፎቶግራፉ በዚያው ሌሊት ማንም ሳያዘው ወደ ጎተራው ገባ፤ በማግሥቱም በባለቤቴ ስልክ ላይ ታየ። ባለቤቴ ልብ አላለችውም። በቤታችን የምትኖረው የእኅትዋ ልጅ ግን የዘመድ ሠርግ ፎቶግራፎችን ለማየት ስልኩን ተቀብላ እያገላበጠች ሳለች ወረቀቱ ዐይንዋ ላይ ወደቀ። ልጂቱ በእኛው ማሠልጠኛ ትማር ነበርና ስሙን ዐወቀችው። በክፋት ያደረገችው ነገር አይደለም፤ አዝና ለአንዲት ጓደኛዋ ነገረች። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው በመኝታ ቤቶቹ ሁሉ ተሰማ።

ዕጩ መምህርቷ ወደ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ወረቀቱን የሰጠሁት ለእርስዎ ብቻ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ተቆጥታ ቢሆን ይቀልለኝ ነበር። ለማንም አልነገርሁም ብዬ ብምል አልዋሽም ነበር፤ ግን ምስጢሩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅርታ ግን የተሰማን ነገር እንዳልተሰማ አያደርገውም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ አሰብሁ። ያገኘሁትም ሐሳብ ይህ ነው። በባልና በሚስት እጅ ያለ ነገር ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛው የጋራ ነው፤ የልጆች ፎቶግራፍ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የዕቁብ ሒሳብ የመሰለው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ የግል ነው፤ ባል ከእናቱ ጋር ያወራው፣ ሚስት ከእኅትዋ ጋር የተጻጻፈችው። ሦስተኛው ግን የባልም የሚስትም አይደለም፤ ሌላ ሰው ያስቀመጠው አደራ ነው። ወዳጅ የነገረን ችግር፣ የጎረቤት ገመና፣ በእኛም በመምህራን ዘንድ የተማሪው ሮስተር፣ የወላጁ ቁጥር፣ የሐኪም ወረቀቱ፣ ያለቀሰበት ደብዳቤ ሁሉ አደራ ነው። ባልና ሚስት ቢስማሙ የጋራቸውን ሊቀላቅሉ ይችላሉ፤ ቢፈቅዱ የየግላቸውንም ሊገላለጡ ይችላሉ። አደራውን ግን በፍቅራቸው ብዛት ሊካፈሉት ሥልጣን የላቸውም፤ የእነርሱ አይደለምና። የአንድ አካውንት ትልቁ ጉዳት እነሆ ይህ ነው፤ ሦስቱን ሳይለይ በአንድነት ይደባልቃቸዋል።

«በባልና በሚስት መካከል ምን ምስጢር አለ? የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ለምን ይለያል?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህን ጥያቄ አልንቀውም፤ ከመልካም ልብ የመነጨ ነውና። ነገር ግን መልሼ እጠይቃለሁ። ሐኪም የሆነ ባል የበሽተኞቹን ካርድ ለሚስቱ ቢያነብላት እናመሰግነዋለን? ዳኛ የሆነች ሚስት ያልተፈረደ መዝገብ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ብትተው መልካም እንላለን? አንልም። መተማመን ማለት ሁሉን ማየት አይደለም፤ ያላዩትንም ነገር በሰላም መተው ነው። አባቶቻችን በአንድ ጎጆ ሲኖሩ እናቶቻችን የየራሳቸው ሙዳይና ሣጥን ነበራቸው፤ ባል ያን ሣጥን ሳያስፈቅድ ቢከፍት ነውር ነበር። ሣጥኑ የተለየው ፍቅር ስለ ጎደለ አልነበረም፤ መከባበር ስለ ነበረ ነው።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። የጋራው አካውንት በቸልተኝነት ሳይሆን በዓላማ የሚያዝበት ቤት አለ። አካውንቱ አንድ ከሆነ ስልኩ የት እንዳለ ማየት ይቻላል፤ ምን እንደ ተፈለገ፣ ምን እንደ ተነበበ ማየት ይቻላል። በአይፎን ስልኮች ላይ ማን እንደ ደወለና ለማን እንደ ተደወለ የሚያሳየው ዝርዝር ሳይቀር አንድ አካውንት ባላቸው ስልኮች ሁሉ ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «አንድ ነን» የሚለው ጣፋጭ ቃል አንዳንድ ጊዜ ለጥበቃ መሸፈኛ ይሆናል። ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች የሄዱ እኅቶቻችንን አስቡ። አንዲቱ የተጠቀመችበትን ስልክ አካውንትዋን ሳታወጣ ለባልዋ ወይም ለልጆችዋ ትልካለች። ከዚያ በኋላ በሰው አገር የምታነሣው ፎቶግራፍ፣ የምትጽፈው ማስታወሻ ሁሉ በአገር ቤት ባለው ስልክ ላይ እየታየ፣ ለጭቅጭቅና ለጥርጣሬ ምክንያት ይሆናል። ስልኩን ደምስሰው እንደ አዲስ ሊከፍቱት ቢሞክሩም፣ ለሌባ መከላከያ ተብሎ በተሠራው ቁልፍ ምክንያት የቀድሞውን አካውንት የይለፍ ቃል ይጠይቃቸዋል። የእነዚህን እናቶች ልጆች በየክፍላችን የምናስተምር እኛ ስለ ሆንን፣ ምክሩን ለቤተሰቡ ማድረስ ይቀልለናል።

ሕጋችንም ቢሆን ጋብቻን አንድነት ብሎ ሲያከብር ሁሉን ነገር አንድ አላደረገም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213፣ የተጋቢዎችን የግል ንብረት በአንቀጽ 57፣ የጋራ ንብረታቸውን ደግሞ በአንቀጽ 62 ለይቶ ደንግጓል። ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የመጣው በመሠረቱ የግል ሆኖ ይቀራል፤ በጋብቻ ዘመን በሁለቱ ጥረት የተገኘው የጋራ ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 እያንዳንዱ ሰው በደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት የማይደፈር መሆኑን ይናገራል፤ «ካላገባ በቀር» የሚል ቃል አልጨመረበትም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ይህን የምጠቅሰው ጠበቃ ለመሆን ሳይሆን፣ የተማሪን መረጃ መጠበቅ ከመልካም ጠባይ አልፎ የሕግ ነገር መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ እኔና ባለቤቴ ያደረግነውን በተራ ልናገር።

በመጀመሪያ ለእርስዋ በስምዋና በራስዋ የስልክ ቁጥር አዲስ አካውንት ከፈትን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የይለፍ ቃሉን ራስዋ መረጠች፤ ስልክ ሻጭ አልመረጠላትም። ብዙ ሰው አካውንቱን ሻጭ ከፍቶለት የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ እንደሚኖር በዕጩ መምህራኖቼ መካከል ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ሰው የቤቱን ቁልፍ ለማያውቀው መንገደኛ እንደ ሰጠ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ ከመለያየታችን በፊት ያለውን ቀዳን። የስም ዝርዝሩን በፋይል አውጥተን ወደ አዲሱ አካውንት አስገባንና እያንዳንዳችን የማይመለከተንን አጠፋን። የእርስዋ የሆኑትን ፎቶግራፎች ወደ እርስዋ አካውንት አዛወርን። በአዲሱ ስፍራ መድረሳቸውን በዐይናችን ሳናይ ከአሮጌው አንዱንም አልሰረዝንም። ይህን ቅደም ተከተል አደራ እላለሁ፤ ብዙ ሰው ተናድዶ በችኮላ አካውንቱን ከስልኩ ያወጣና ኋላ ይጸጸታል።

ሦስተኛ፣ የእኔን አካውንት ከስልክዋ አወጣን፣ የይለፍ ቃሉን ለወጥሁ፣ አካውንቱ የገባባቸውን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ከፍቼ የማላውቀውን ሁሉ አስወጣሁ። በሁለታችንም አካውንት ላይ ማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቀውን ሁለተኛ ቁልፍ አበራን፤ ቁጥሩም ለየባለቤቱ እንዲላክ አደረግን።

አራተኛ፣ የጋራችን የሆነውን በፈቃድ ለመካፈል የጋራ አልበም ከፈትን። በዚህ ውስጥ የሚገባው እኔ ወይም እርስዋ መርጠን ያስገባነው ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ታላቅ ነው። ቀድሞ ሁሉም ነገር ሳንሰጥ ይወሰድ ነበር፤ አሁን የምንካፈለው የሰጠነውን ነው። ፍቅርም የሚታወቀው በመስጠት ነው።

«ሁለት አካውንት ከሆነ ማከማቻውን በእጥፍ መግዛት ነው» የሚል ቢኖር እንዲህ አይደለም። ጉግል ለእያንዳንዱ አካውንት 15 ጊጋባይት፣ አፕል 5 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣሉ፤ ሁለት አካውንት ሲሆን ነጻው ቦታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በጉግል ዘንድ ፎቶግራፎች ከዚሁ ቦታ ሳይቆጠሩ በነጻ ይቀመጡ የነበረበት ዘመን እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ስላበቃ ቦታው በቶሎ መሙላቱ እውነት ነው። ነገር ግን የሚከፈልበትን ማከማቻ አንዱ ከፍሎ እስከ ስድስት የሚደርሱ የቤተሰብ አባሎች እንዲጠቀሙበት ማድረግ በሁለቱም ኩባንያዎች ዘንድ ይቻላል፤ አፕል ይህን የቤተሰብ ማኅበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እያንዳንዱ በየራሱ ክፍል ይኖራል፤ የሚጋሩት ኪራዩን ብቻ ነው።

«ከተለያየን አንዳችን ብንሞት ሌላው ምን ያገኛል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ባለቤቴም ይህንኑ ጠየቀችኝ፤ የእናትዋ ነገር ገና አልወጣላትምና። ለዚህም መንገድ አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት ቢቀር ያለው ነገር ለማን እንደሚደርስ ባለቤቱ አስቀድሞ እንዲናዘዝ ያደርጋል፤ አፕልም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ወራሽ የሚሆን ሰው ለመሰየም ፈቅዷል። እኔ ባለቤቴን፣ እርስዋም እኔን ሰይማለች። ሆኖም የተማሪ ነገር በዚያ ውስጥ እንዳይገኝ አስቀድሜ ለይቻለሁ።

ዲሬክተሮችና ሱፐርቫይዘሮች ሆይ፤ በዚህ ላይ የእናንተም ድርሻ አለበት። መምህሩ የተማሪን ማርክ በግል ስልኩ የሚያነሣው በክፋት ሳይሆን ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ የተማሪ የግል ወረቀት በመዝገብ ቤት ባለው በተቈለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የሐኪም ወረቀት ፎቶግራፍ እንዳይነሣ ይታዘዝ፤ መምህሩ «አይቻለሁ» ብሎ ቀኑን በመዝገብ ላይ ቢጽፍ ይበቃል። ትምህርት ቤቱ ለሥራ የሚሆን አካውንት ከከፈተም ከመምህሩ የቤት አካውንት የተለየ ይሁን። እኛም በማሠልጠኛ ያለን መምህራን ሮስተር አሞላል እንደምናስተምር ሁሉ አደራ አጠባበቅን እናስተምር። ዕጩው መምህር ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት «በስልክህ ያለው ነገር በሌላ በማን ስልክ ላይ ይታያል?» ተብሎ ቢጠየቅና መልሱን ቢያውቅ፣ ብዙ እንባ ይቀራል።

በእኔ ቤት ዛሬ በግድግዳችን ላይ የአማቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከሦስቱ አንዱ ነው። ባለቤቴ ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር የጠፉትን አስባለሁ። በስልኬም ውስጥ «እማዬ» የሚለው ስም አሁን አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ ናት። ቅቤ የላኩልኝን «እማዬ» ቁጥር ባለቤቴ በራስዋ ስልክ ውስጥ አኑራዋለች፤ እንደማይመልስ ብታውቅም አላጠፋችውም። ያ የእርስዋ ነው፤ እኔ አልነካውም።

ያች ዕጩ መምህርትም ትምህርትዋን ጨርሳ ተመርቃለች፤ የራስዋን ክፍል ይዛ ታስተምራለች። በተመረቀች ዕለት ልሰናበታት ቀርቤ እጅዋን ስጨብጥ «መምህር፣ እኔ የተማሪዎቼን ወረቀት ፎቶግራፍ አላነሣም» አለችኝ። የወቀሳም የምስጋናም ቃል መሰለኝ፤ ሁለቱም ይገባኝ ነበርና ራሴን ዝቅ አድርጌ ተቀበልሁት።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ። የጋራችሁ የቱ ነው፣ የየግላችሁ የቱ ነው፣ የሌላ ሰው አደራስ የቱ ነው? ይህን በሰላም ቀን ተነጋግሮ መለየት በጠብ ቀን ተካስሶ ከመለየት ይሻላል።